ከመቶው ስንት ነው?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአዳራሹ የተደረገ ንግግር፤ ያዘጋጁት የሒሳብ ክበብ አባላት)



ለዚህ በዓል የሙዚቃ ክበብ መዝሙር፥ የቴያትር ክበብ ጨዋታ ሲያዘጋጁ፥ ለእኛ ለሒሳብ ክበብ አባላት የደረሰን ይህች አጭር የንግግር ሰዓት ናት። «ሒሳብ ደግሞ ለበዓል ይሆናል ወይ?» ብለው የሳቁብን አልታጡም። እኛም መጀመሪያ ነገሩ እንደዚያው መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት በመካከላችን አንድ ጠብ ተነሣ። ጠቡ በሒሳብ የመጣ ነበር፤ የተፈታውም፥ በሙሉ ባይሆንም፥ በሒሳብ ነው። ስለዚህ ከእርሱ እንጀምራለን።

በማንጎ ወራት ከክበባችን ሦስት ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ማንጎ በጆንያ ገዙና በስፖርት ቀን ጭማቂ አድርገው ሸጡ። አንደኛው 200 ብር፥ ሁለተኛዋ 300 ብር፥ ሦስተኛው 500 ብር አዋጥተው ነበር። ያወጡትን 1,000 ብር መልሰው ከወሰዱ በኋላ 400 ብር ትርፍ ተረፈ። ያን ጊዜ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ «ጓደኛሞች ነን፥ ለሦስት እኩል እንካፈል» አለ፤ ይህ ለእያንዳንዱ 133 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። ባለ 500ው ግን «በ7ኛ ክፍል የተማርነው ንጥጥር የት ሄደ?» ብሎ ተነሣ። ያዋጡት ገንዘብ ንጥጥር 2 ለ3 ለ5 ነው፤ ድምሩ 10 ስለ ሆነ የ400 ብር አንድ እጁ 40 ብር ነው። ስለዚህ ለአንደኛው 80፥ ለሁለተኛዋ 120፥ ለሦስተኛው 200 ብር። ሒሳቡ አንዳች ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ባለ 200ው ልጅ ከጧት እስከ ማታ ማንጎ ሲልጥና ሲጨምቅ የዋለ ሲሆን፥ ባለ 500ው የመጣው ገንዘቡ ሲቆጠር ነበር። እጁ በማንጎ የተጣበቀው ልጅ 80 ብር ይዞ ሲቀር ዝም ሊል አልቻለም። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታም አልነበረም።

በመጨረሻ ክበቡ ተሰብስቦ እንዲህ አደረገ። ከ400 ብር 160ው ለድካም ይሁን፤ ይኸውም በሠሩበት ሰዓት መጠን በ5 ለ2 ለ1 ይከፈል አለ። እንግዲህ 100፥ 40 እና 20 ብር ሆነ። የቀረው 240 ብር ባዋጡት ገንዘብ መጠን ተካፍሎ 48፥ 72 እና 120 ብር ሆነ። ሲደመር አንደኛው 148፥ ሁለተኛዋ 112፥ ሦስተኛው 140 ብር አገኙ። ቢደመር ልክ 400 ነው።

ከዚህ የተማርነው ነገር በመጽሐፉ ላይ አልተጻፈም። ንጥጥር ገንዘቡን በትክክል ያካፍላል እንጂ በምን መሠረት እንደሚካፈል አይወስንም። መሠረቱን የሚወስነው ሰው ነው። 160ውን ብር ከየት አመጣችሁት ብትሉን ከቀመር አላመጣነውም፤ ተቀምጠን ተከራክረን የተስማማንበት ነው። ባለ 200ው ጓደኛችን እስከ ዛሬ ድረስ «አነሰ» ይላል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

እኛ የክበቡ አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን እናስጠናለን። በዚህ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ንጥጥር፥ ወደርና መቶኛ የሚባለው ምዕራፍ አለ። ልጆቹ ትርጓሜውን በቃላቸው ይሉታል፦ ንጥጥር አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ነገሮችን ያነጻጽራል፤ ምጣኔ ደግሞ ዓይነታቸው የተለያየውን፥ ብርን ከኪሎ፥ ኪሎ ሜትርን ከሰዓት ያገናኛል፤ መቶኛ ሁለተኛው ቁጥሩ 100 የሆነ ንጥጥር ነው። ቀመሩንም ይጽፉታል። ጥያቄው ግን ከገበያ ወይም ከጓዳ ሲመጣባቸው የትኛውን በየትኛው እንደሚያካፍሉ ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ቀመሩን ለጊዜው አስቀምጡትና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ እንላቸዋለን፤ አንደኛ «ለአንድ ስንት ነው?» ሁለተኛ «መቶ ያልነው የቱን ነው?»

የመጀመሪያውን ጥያቄ እናቶቻችን ቀድመውን ያውቁታል። በአሶሳ ገበያ አንዷ ሻጭ አንድ መደብ 5 ማንጎ በ60 ብር፥ ሌላዋ 8 ማንጎ በ88 ብር ብትል፥ እናት ወረቀት ሳታወጣ ሁለተኛውን መደብ ታነሣለች፤ የመጀመሪያው አንዱ 12፥ የሁለተኛው አንዱ 11 ብር ነውና። ደግሞም ፍሬውን በእጇ መዘን አድርጋ ሐሳቧን የምትለውጥበት ጊዜ አለ። ማንጎ ሁሉ እኩል ስላልሆነ፥ «ለአንድ ፍሬ» ከማለት «ለአንድ ኪሎ» ማለት እንደሚሻል የምታስተምረን እርስዋ ናት።

መንገድ ላይ ያለችውን ወጥመድ አልፈናት አንሄድም። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ 45 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። መኪናው ሲሄድ በሰዓት 60፥ ሲመለስ ጭነት ይዞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ከአሥር ልጆች ዘጠኙ «45» ይላሉ። ነገር ግን ሲሄድ 45 ደቂቃ፥ ሲመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ፈጀ 90 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨርሷል፤ በሰዓት 40 ማለት ነው። በዝግታ የተሄደበት ጊዜ ረዘም ስለሚል ክብደቱ የእርሱ ነው። ምጣኔዎችን እንዲሁ ደምሮ ለሁለት ማካፈል እንደማይገባ በዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከአባሎቻችን የአንዱ ታናሽ ወንድም በክረምት ተቅማጥ ያዘው። ከጤና ኬላ ኦ አር ኤስ፥ ብዙ ሰው ለምለም የሚለው ዱቄት፥ ተሰጣቸው። በቤት የነበረው ግን የ600 ሚሊ ሊትር ሃይላንድ ብቻ ነበር። ዱቄቱን በሙሉ እርሱ ውስጥ ጨመሩና ሕፃኑን ማጠጣት ጀመሩ። ማታ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልታይ ስትመጣ ጠርሙሱን አየችና «ይህን ድፉት» አለች። ቤተ ሰቡ ደነገጠ፤ መድኃኒት እንዴት ይደፋል?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንዱ ፓኬት የተሠራው ለአንድ ሊትር፥ ማለት ለ1,000 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። በ600 ሚሊ ሊትር ሲበጠበጥ 1,000 ለ600፥ ማለት 5 ለ3 ይሆናል። ስለዚህ ጨውና ስኳሩ ከሚገባው አንድ ጊዜ ከሁለት ሦስተኛ እጥፍ ሆነ፤ በመቶኛ ቢነገር ከመቶ 67 ያህል በዛ። መብዛቱ ብርታት የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጨው የበዛበት መጠጥ ከሰውነት ውኃን ይስባል እንጂ አይሰጥም፤ ውኃ አልቆበት የሚሠቃየውን ሕፃን ይበልጡን ያደርቀዋል። ውኃው ከአንድ ሊትር ቢበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ይሳሳና ሥራውን አይሠራም። እዚህ ላይ ንጥጥሩ ራሱ መድኃኒቱ ነው ማለት ይቻላል።

አንዱ ልጅ በክፍል ውስጥ «እንግዲያውስ ለ600 ሚሊ ሊትር ከፓኬቱ ከመቶ 60ውን መጨመር ነው» አለ። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን የፓኬቱን ከመቶ 60 በዓይን የሚለይ ማን ነው? ደግሞም በፓኬቱ ውስጥ ጨዉና ስኳሩ እኩል ተደባልቆ ላይቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ዱቄቱን ከመክፈል ውኃውን መለካት ይሻላል፤ ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ በአንድ ንጹሕ ዕቃ መገልበጥና ሙሉውን ፓኬት በዚያ መበጥበጥ ነው። ፓኬት ባይገኝ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ማንኪያው በአፉ ልክ ተላግቶ፥ ይጨመራል። ስኳሩ ከጨዉ ጋር 12 ለ1 ነው። ይህን ንጥጥር ገልብጦ የያዘ ሰው ምን እንደሚያደርስ ለመናገር እንኳ ያስፈራል። ሕፃኑ ድኗል፤ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል። ሲጮህ የሰማችሁት እርሱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ «መቶ ያልነው የቱን ነው?» የሚለው፥ ይበልጥ ያስቸግራል። ከገበያ የታወቀውን ቶሎ እንለፍ። ባለ ሱቅ የ500 ብር ጫማ ላይ ከመቶ 20 ጨምሮ 600 ካለ በኋላ «ለበዓል ከመቶ 20 ቀንሻለሁ» ቢል ዋጋው 480 ብር ይሆናል እንጂ ወደ 500 አይመለስም፤ ሁለተኛው 20 የተወሰደው ከ600ው ነውና። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ነው። በደረሰኝ ላይ ታክሱ ገብቶበት 1,150 ብር የተጻፈውን ዕቃ ያለ ታክስ ዋጋ ለማወቅ የ1,150ን 15 ከመቶ ቀንሶ 977 ብር ከ50 ማለት ስሕተት ነው። መቶ የተባለው ታክሱ ከመጨመሩ በፊት የነበረው ዋጋ ስለ ሆነ 1,150ን ለ1.15 ማካፈል ይገባል፤ መልሱም 1,000 ነው።

የእህል ብድርን ግን እንዲህ ቶሎ ማለፍ አይቻልም። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ቅዳሜ ወደ ጥቁር ሰሌዳው መጥታ «የእናቴን ሒሳብ ሥሩልኝ» አለች። እናትየዋ በሐምሌ ጎተራው ባዶ ሲሆን ከጎረቤት 2 ኩንታል ማሽላ ተበድረዋል። በኅዳር ማሽላው ሲሰበሰብ 3 ኩንታል እንዲመልሱ ነው ውሉ። ልጅቱ «ወለዱ ከመቶ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

እኛ ቸኩለን መለስን። በ2 ኩንታል ላይ 1 ኩንታል ተጨመረ፤ ይህ ከመቶ 50 ነው። ያውም በዓመት አይደለም፤ ከሐምሌ እስከ ኅዳር አራት ወር ነው። ለአንድ ወር ከመቶ 12 ተኩል፥ በዓመት ቢታሰብ ከመቶ 150 ይሆናል። (ጳጉሜን አንቆጥራትም፤ ደመወዝተኛውም የ13ኛዋን ወር ደመወዝ ማንም ሰጥቶት አያውቅም።) ክፍሉ በሙሉ «አራጣ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከኋላ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ልጅ ግን እጅዋን አነሣች። «የሐምሌና የኅዳር ማሽላ ዋጋው አንድ ነው ወይ?» አለች። አይደለም። በሐምሌ እህል ይወደዳል፥ በመከር ይረክሳል። ለምሳሌ ያህል በሐምሌ ኩንታሉ 4,000፥ በኅዳር 3,000 ብር ነው ብንል፥ የተበደሩት 2 ኩንታል በ8,000 ብር የሚገዛ ነበር፤ የመለሱት 3 ኩንታል 9,000 ብር ያወጣል። ጭማሪው በ8,000 ላይ 1,000 ነው፤ ከመቶ 12 ተኩል፥ እርሱም ለአራት ወር። በዓመት ቢታሰብ 37 ተኩል ይሆናል። አሁንም ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ከ150 ጋር አይመሳሰልም።

እንግዲህ እውነተኛው የትኛው ነው? እኛ ለረጅም ጊዜ ተከራክረናል። አበዳሪው በብር ይቆጥራል፤ እህሉን በሐምሌ ሸጦት ቢሆን 8,000 ብር በእጁ ነበርና። ተበዳሪዋ ግን ነጋዴ አይደሉም። ልጆቻቸው የሚበሉት ገንፎ ከብር ሳይሆን ከኩንታል ነው። ሦስተኛው ኩንታል ከጎተራ ሲወጣ የሚቀጥለው ሐምሌ በዚያው መጠን ይቀርባል። ለእርሳቸው መቶ የተባለው ማሽላው ነው፤ ስለዚህ 50 ነው። አንዱ ቁጥር ሐሰት ሌላው እውነት አይደለም፤ መቶ ያሉት ነገር ይለያያል። ይልቁንም ውል ሲዋዋሉ «በብር ነው ወይስ በእህል?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል። በብር ቢዋዋሉ ኖሮ፥ በዚያው በ12 ተኩል ወለድ፥ መከሩ ሲረክስ 9,000 ብር ለመክፈል ያው 3 ኩንታል መሸጥ ያስፈልጋቸው ነበር፤ መከሩ ባይረክስና ኩንታሉ 4,000 እንደ ሆነ ቢቆይ ግን 2 ኩንታል ከሩብ ብቻ ይበቃቸዋል።

በገንዘብም ነገሩ ይኸው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አድርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ግሽበቱ ከመቶ 30 በላይ ነበረ። 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ያገኛል፤ በፊት በ1,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ግን 1,300 ብር ሆኗል። 1,070ን ለ1,300 ብናካፍል 82 ከመቶ ያህል ነው። ደብተሩ ላይ ገንዘቡ ጨምሯል፤ በገበያ ግን ከመቶው 18 ያህል ጠፍቷል።

ስለ ወርቅ ሳናነሣ ከዚህ መድረክ ብንወርድ የአገራችን ሰው ይታዘበናል። የቤኒ ሻንጉል ወርቅ ዝናው የቆየ ነው። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1813 ዓ.ም. ገደማ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከተመኛቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ወርቅ ነበር። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደዚህ ከዘመቱ በኋላም የአሶሳው ገዥ ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት በወርቅ ይገብሩ ነበር። በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት የማርያ ትሬዛን ብር ክብደት የተከተለ ሲሆን 28 ግራም ያህል ነው። ያ ብር ራሱ የንጥጥር ትምህርት ነው፤ ከ28.07 ግራሙ ንጹሕ ብር የሆነው 23.39 ግራም ሲሆን ይህ ከስድስት እጅ አምስቱ ነው፤ ከመቶ 83 ከሦስተኛ።

ወርቅን በካራት ሲናገሩ ሙሉው 24 እጅ ነው ማለታቸው ነው። ባለ 21 ካራት ከመቶ 87 ተኩል፥ ባለ 18 ካራት ከመቶ 75 ንጹሕ ነው። ለ8ኛ ክፍል ልጆች ይህን ሰጥተናቸው ነበር፦ 10 ግራም ባለ 18 ካራት ቀለበትና 8 ግራም ተኩል ባለ 21 ካራት ቀለበት ቢቀርቡላችሁ ወርቅ የሚበዛበት የቱ ነው? በመጀመሪያው 7.5፥ በሁለተኛው 7.4375 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። ሚዛን ላይ አንድ ግራም ተኩል የሚበላለጡ ቀለበቶች በወርቃቸው እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸው። ምጣኔም እዚህ ላይ ያገለግላል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም፥ ብር ግን 10.5 ግራም ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ አስገብቶ የያዘውን ቦታ የለካ ሰው፥ ሳይቆርጥና ሳያቀልጥ፥ ብዙ ነገር ያውቃል።

ወርቅ ለሚያጥቡ ወላጆች ላሉት ልጅ ሁሉ አንዲት ነገር እንድትያዝ እንፈልጋለን። 10 ግራም ወርቅ ከመቶ 92 ንጹሕ ቢሆን የሚታሰበው 9.2 ግራም ነው። ገዢው አስቀድሞ «ለቆሻሻ» ብሎ ከክብደቱ ከመቶ 8 ቀንሶ፥ ደግሞ ዋጋውን ሲተምን «ንጹሕ አይደለም» ብሎ ሌላ ከመቶ 8 ቢቀንስ፥ የተከፈለው ለ8.464 ግራም ብቻ ነው። አንዱ ጉድለት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፤ ሰባት አሥረኛ ግራም የሚያህል ወርቅ በአንድ አፍታ ጠፋ። እንዲህ ያደረገ አለ ብለን ማንንም አንከስም። «ስንት ቀነስክ? ከምኑ ላይ? ስንት ጊዜ?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም።

በክልላችን በመተከል ዞን በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዛቸውን በ12 ወር ከፍለው ቦንድ ሲገዙ፥ በየወሩ የሰጡት ከመቶ 8 ከሦስተኛ ነው። መምህራኖቻችን ይህን መቶኛ ከእኛ ይልቅ በኪሳቸው ያውቁታል። ግድቡ 13 ተርባይኖች አሉት፤ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 375፥ አሥራ አንዱ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ድምሩ 5,150። አንድ ጓደኛችን «ታዲያ በዓመት 8,760 ሰዓት ስላለ 45,114 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሰጣል» ብሎ አስልቶ ነበር። በዓመት ይገኛል ተብሎ የታቀደው ግን 15,760 ያህል ነው። ይህ ከመቶ 35 ነው። ጉድለት አይደለም። ዐባይ በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚቀንስ ወንዝ ነው፤ ተርባይኖቹም ሁልጊዜ ባንድነት በሙሉ ኃይላቸው እንዲዞሩ አልታሰቡም። ሜጋ ዋት ምጣኔ ነው፥ ጊጋ ዋት ሰዓት ግን መጠን ነው፤ የመኪናን ፍጥነት ከተጓዘው መንገድ ጋር ያደባለቀ ሰው የሚሠራውን ስሕተት ጓደኛችን ሊሠራ ነበር።

የመጨረሻው ነገር ሁላችንን ይነካል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ነበሩ። ከ2014 እስከ 2017 ምን ያህል ጨመረ? አንዱ «ከመቶ 5.1 ብቻ» ሊል ይችላል። ሌላው «ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ» ሊል ይችላል። 8.4 ሲቀነስ 3.3 በእርግጥ 5.1 ነው፤ 8.4 ለ3.3 ሲካፈልም 2.5 ይበልጣል። ሁለቱም አልዋሹም። ሦስተኛ ሰው ደግሞ «መቶ ያልነው የቱን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በ2014 የተፈተኑት 900 ሺህ ይጠጉ ነበር፤ በ2017 ግን 586 ሺህ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ያለፉት በቁጥር ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 49 ሺህ ደረሱ፤ ይህ ከመቶ 60 በጥቂት የሚበልጥ ዕድገት ነው እንጂ ሁለት እጥፍ ተኩል አይደለም። ዕድገት መኖሩን አንክድም፤ ደስም ብሎናል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ከመቶው 91.6 የሚሆኑት ሳያልፉ ቀርተዋል፤ ከመካከላቸውም በዚህ አዳራሽ ወንድምና እኅት ያላቸው አሉ።

የእህሉን ሒሳብ ያመጣችው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ተመልሳ መጥታ ነበር። በአንድ ገጽ ላይ 50ን በአንድ ወገን፥ 12 ተኩልን በሌላው ወገን ጽፋ ለእናቷ አንብባላቸዋለች። እናቷም ጥቂት አሰቡና «ለዘንድሮ ተከፍሏል። ለሚመጣው ሐምሌ ግን ከመከሩ አንድ ኩንታል ከአሁኑ ለይተን እናስቀምጥ፤ የምንበደረው ይቀንሳል» አሉ አለችን። አንድ ኩንታል ብቻ ቢበደሩ የሚመልሱት አንድ ተኩል ይሆናል፤ ይህን እንኳ እርስዋ ራሷ አስልታ ነው የመጣችው። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሚዛን፥ አንድ ሊትር የሚይዝ መለኪያና ሁለት ሃይላንድ አስቀምጠናል፤ ከበዓሉ በኋላ መጥታችሁ እንድትሞክሩ እንጠብቃችኋለን።